አውራ ጣት ወደ ላይ፦ የመምህርት ሞሪን ትረጊር የሕይወት ታሪክ

መምህርት ሞሪን ትረጊር ከአባታቸው ከአቶ ኧርነስት ትረጊር እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዊኒፍሬድ ፓስኮ በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት፣ በመሪን ፍላት መንደር፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1947 ተወለዱ። አባታቸው የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛ ነበሩ። የተወለዱት ደረቁ የሰሜን ነፋስ በሚያፏጭበት ቀን ስለነበረ እናታቸው፣ «ይቺ ልጅ ጆሮዋ ነፋስ ላይ ነው» ይሏቸው ነበር።

የሟች ታሪክ ሲነበብ ሁሉም ጀግና ነው። እኛ ዘመዶቻቸው ግን እዚህ ቆመን አንዋሽም፤ መምህርት ሞሪን ፈሪ ነበሩ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ ከጫካው የወጣ ሰደድ እሳት የቤታቸውን የላም በረት በላ። አባታቸው ከነልብሳቸው ኩሬ ውስጥ አስገብተው እርጥብ ብርድ ልብስ ደረቡባቸውና ላሞቹን ሊፈቱ ሮጡ። ልጅቱ ከብርድ ልብሱ ሥር እጃቸውን አውጥተው የሚይዛቸው ሰው ፈለጉ፤ ማንም አልነበረም። አባትየው በደህና ቢመለሱም ያች እጅ ግን ባዶዋን እንደቀረች ነበር። ከዚያ ወዲህ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ የጎረቤት ምድጃ ቢጨስ እንኳ ከእንቅልፋቸው ብድግ ይሉ ነበር። ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ወጥተው አየሩን ካላሸተቱ ቁርስ አይወርድላቸውም።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያው በመንደራቸው፣ ሁለተኛ ደረጃን በአውቶቡስ እየተመላለሱ አጠናቀቁ። በሜልበርን የመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀውም እ.ኤ.አ. በ1968 ወደ ተማሩባት ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ለማስተማር ተመለሱ። «ከከተማው ምን አባረረሽ?» ሲሏቸው፣ «እዚያ ጢሱ የምን እንደሆነ አይለይም» ብለው መለሱ።

እ.ኤ.አ. በ1971 ከመንደሩ የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞች አንዱ ከነበሩት ከአቶ ክላይቭ ኦድጀርስ ጋር ትዳር መሠረቱ። በሠርጋቸው ቀን፣ «ያገባሁት ሰውዬውን አይደለም፤ መኪናውን ነው» ብለው እንግዳውን አሳቁ። የውሃ ቦቴ የጫነውን ቀዩን መኪና ማለታቸው ነበር። አንዲት ልጅ፣ ግሌኒስን፣ ወልደው አሳድገዋል።

መምህርት ሞሪን ከሁሉ በላይ የሚታወቁት የአገሩ በጋና የትምህርት ዘመኑ ማብቂያ በሆነው በዲሴምበር ነው። ፈተናው አልቆ፣ ሙቀቱ በርትቶ፣ ስድስተኛ ክፍሎች ሊሰናበቱ የቀራቸው ጥቂት ሳምንት ሲሆን ሌላ ትምህርት ቤት ያለ መምህር ፊልም ከፍቶ ያንቀላፋል። እሳቸው ግን ያኔ ነበር የሚነቁት። የተሰናባቾቹ ልብስ ላይ ሁሉም ልጅ ስሙን ይጽፋል። አንድ ቀን መምህሯ የተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተማሪ ያስተምራቸዋል፤ ሆን ብለው የተሳሳተ መልስ እየመለሱ፣ ተቀጥተው ማዕዘን ላይ ይቆማሉ። የቆሻሻ በርሜል እንደ ግብ ተተክሎ ክሪኬት የተባለው የዱላና የኳስ ጨዋታ ይደራል። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ቁልቁለት ላይ ላስቲክ ተነጥፎ፣ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ፈሶበት፣ ከዝናብ ማጠራቀሚያው ታንክ በሚወርድ ውሃ እየራሰ ልጆች በሆዳቸው ይንሸራተታሉ።

ከሰዓት በኋላ፣ ሁሉም ሲደክም፣ አገሩ ሁሉ የሚጫወተው የአውራ ጣት ጨዋታ ይመጣል። ልጆቹ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ እጃቸውን ጨብጠው አውራ ጣታቸውን ብቻ ያቆማሉ። የተመረጡ ጥቂቶች ኮቴያቸውን አጥፍተው እየሄዱ የአንዳንዱን ጣት ጫን አድርገው ይመለሳሉ። የተነካው ቀና ብሎ ማን እንደነካው ይገምታል። መምህርት ሞሪን አብረው ይደፉ ነበር፤ አንድም ቀን አልተሳሳቱም። ጥፍሩን የሚበላውን፣ እጁ የሚያልበውን፣ ጫን ሳያደርግ የሚሸሸውን፣ ሁሉንም በጣቱ ያውቁታል። «ትልቁ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ስማቸውን የሚጠራ ላያገኙ ይችላሉ» ይሉ ነበር፤ «ጣታቸውን ብቻ ነክቶ የሚያውቃቸው ሰው እንደነበረ ግን አይረሱም።»

እ.ኤ.አ. በ1984 ከኦክቶበር ጀምሮ ጠብታ አልወረደም። አቶ ክላይቭ፣ «አንቺ ሴት፣ ዘንድሮ ታንኩን ተይው፤ እሳት ቢመጣ ሌላ ውሃ የለሽም» አሏቸው። እሳቸውም፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ስፈራ ኖርኩ። አንድ ቀን ልድፈር እንጂ ክላይቭ! ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ የጠበቁት እሱን ነው» ብለው ቧንቧውን ከፈቱ። ልጆቹ ታንኩ ሲያንኳኩት ባዶ እንስራ መስሎ እስኪጮህ ድረስ ተንሸራተቱ። ፈሪዋ ሴት በሕይወታቸው አንድ ቀን ደፈሩ፤ እሱንም ያለ ቀኑ።

በማግስቱ የመሰናበቻው ግብዣ ነበር። ጠዋት በረንዳ ላይ ወጥተው አየሩን አሸተቱ፤ ምንም አልነበረም። እኩለ ቀን ላይ ግን የሰሜኑ ነፋስ ተነሣ፤ ሰማዩ የዛገ ቆርቆሮ መሰለ። ሰደድ እሳት መንገዱን ዘጋው። አቶ ክላይቭ ከነመኪናቸው ከእሳቱ ወዲያ ማዶ ቀሩ። መምህርት ሞሪን ልጆቹን በጡብ ወደተሠራችው ክፍል አስገብተው ለእሳት ጊዜ የተቀመጡትን ብርድ ልብሶች አወረዱና ሊያርሷቸው ቧንቧውን ከፈቱ። ቧንቧው ሁለቴ አሳለው፤ ቡናማ ውሃ ትንሽ ተፋና ጸጥ አለ። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው» ነበር ያሉት በልባቸው፤ ይህን በኋላ ራሳቸው ነግረውናል።

ያዳናቸው ግብዣው ነው። በባልዲ የተበጠበጠው የሎሚ ጭማቂ፣ በሣጥኑ የቀለጠው በረዶ፣ ሁሉ ብርድ ልብሱ ላይ ተደፋ። የተረፈውን ብርድ ልብስ የበሩ ሥር ጠቀጠቁት። ፍሙ ቆርቆሮው ላይ መዝነብ ጀመረ፤ ክፍሉ ጨለመ፤ ትንንሾቹ እናታቸውን እየጠሩ ማልቀስ ጀመሩ። ያን ጊዜ መምህርት ሞሪን ድምፃቸውን ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ «ራስ ወደ ታች! አውራ ጣት ወደ ላይ!» አሉ።

«አሁን፣ ሚስ?» አለ አንዱ።

«አሁን ካልሆነ መቼ ልንጫወት ነው? ተኛ!»

ወለሉ ላይ ተደፍተው፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ አውራ ጣታቸውን ብቻ አወጡ። መምህሯ በጢሱ ውስጥ እየዳኹ አንድ በአንድ ጫን ያደርጉ ጀመር። የነኩት ሁሉ «ሚስ!» ይላል። አንዱ ቀልቃላ ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኖ፣ «ሚስ፣ የሚነኩን እርስዎ ብቻ ነዎት እኮ! ይሄ ማጭበርበር ነው!» ሲል ሌሎቹ እየሳሉ ሳቁ። መስኮቱ ተሰነጠቀ። ዞረው ዞረው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ መልስ እስከሰሙ ድረስ ልጁ አለ ማለት ነው።

በመጨረሻው ጥግ አንድ ብርድ ልብስ ላይ ጣት አልነበረም። የስድስት ዓመቷ ሮዊና ነበረች። መምህርት ሞሪን በእጃቸው ዳበሱ፤ የለም። ጠሯት፤ ዝም። የብርድ ልብሱን ጫፍ ለመግለጥ እጃቸው እምቢ አላቸው፤ እዚያች ላይ ነፍሳቸው ወጥታ ተመለሰች። ሲገልጡት ልጅቱ አውራ ጣቷን አፏ ውስጥ ከታ፣ ዓይኗን አፍጥጣ ትጠባለች። «አውጪው የኔ እመቤት» አሏት። ራሷን ነቀነቀች። አብረዋት ተከናንበው ተኙና ሌላውን እጇን ያዙት፤ በእግራቸው ደግሞ ቀጥሎ ያለውን ልጅ እየነኩ እሳቱ እስኪያልፍ ቆዩ።

አቶ ክላይቭ በሩን ሰብረው ሲገቡ ልጆቹ በሙሉ በሕይወት ነበሩ፤ ሁሉም ሎሚ ሎሚ ይሸቱ ነበር። ዙሪያው ከሰል ሆኖ ያ የተንሸራተቱበት ቁልቁለት ብቻ አረንጓዴውን ቀርቶ ስለነበረ፣ መንደሩ «ያፈሰሱት ውሃ ነው እሳቱን ያዞረው» አለ። የበጎ ፈቃደኞቹ አለቃ፣ «ነፋሱ ነው የዞረው፤ ዝም ብላችሁ ፈጣሪን አመስግኑ» አሉ። መምህርት ሞሪን ከሁለቱም አልተስማሙም። «ታንኩን ባዶ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ሌላውን እናንተ አውሩ» ይሉ ነበር። ትምህርት ቢሮውን ደጅ ጠንተው ማንም የማይነካው ሁለተኛ ታንክ አስተከሉ። ጨዋታውን ግን ጡረታ እስከወጡበት እስከ እ.ኤ.አ. 2007 አንድም ዓመት አላስቀሩም።

እ.ኤ.አ. በ2015 አቶ ክላይቭን በሞት ካጡ በኋላ ሳንባቸው እየደከመ ሄደ። ሞትንም ፈሩ፤ አልደበቁም። ለእህታቸው ልጅ፣ «ሰማንያ ሊሞላኝ ምን ቀረኝ? አሁንም እንደዚያች ልጅ እፈራለሁ። ማንም እጄን ሳይይዝ እንዳልሄድ» ብለዋታል። ቄሱ መጥተው ደግ ደግ ነገር ተናገሩ፤ እሳቸውም አመሰገኑና ፍርሃታቸውን ይዘው ቀሩ።

ባለፈው ፌብሩዋሪ ደም ወደ አንጎላቸው ፈሶ አንደበታቸው ተዘጋ፤ ዓይናቸውም ተከደነ። ቀኝ እጃቸው ግን ተጨብጦ አውራ ጣቱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ነርሷ «ጅማት ነው» አለች። ግሌኒስ በቅባት እያሸች ታጥፈዋለች፤ ተመልሶ ይቆማል። እኛም ተራ በተራ አጠፍነው። እያጠፍን «አይዞሽ» እንላለን፤ እግዜር ይቅር ይበለን፣ ምን እንደሚሉን አልገባንም ነበር።

አድጋ አሁን የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ የምትነዳው ሮዊና አንድ ቀን ልትጠይቃቸው መጣች። ከበሩ ሆና እጃቸውን ስታይ ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ። «ምን እያደረጋችሁ ነው? ተዉት!» ብላ ጮኸችብን። ጎንበስ ብላ በራሷ አውራ ጣት ጫን አደረገችው። የመምህርት ሞሪን ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልወጣም፣ የሮዊና ስም ግን ነበር። ሮዊና ስልኳን አውጥታ ለያኔዎቹ የክፍል ጓደኞቿ እየደወለች፣ «ቶሎ ኑ፤ ጣታቸውን አውጥተዋል» አለቻቸው። ያኔ ጢሱ ውስጥ የነበሩት፣ ዛሬ ጸጉራቸው የሸበተው፣ የሥራ ጫማቸውን እንዳደረጉ ገቡ። ማንም ስሙን አልነገራቸውም። አንዱ ነክቶ ሲሄድ ሌላው ይተካል፤ የመምህርት ሞሪን ከንፈርም ለእያንዳንዱ በየስሙ ይንቀሳቀስ ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 2025፣ ጣታቸው በሰው እጅ ውስጥ ሳለ፣ በተወለዱ በሰባ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ።

መምህርት ሞሪን ልጃቸውን ግሌኒስን፣ ሁለት የልጅ ልጆችን፣ እህታቸውን፣ የእህታቸውን ልጅ፣ እንዲሁም በጣታቸው የሚያውቋቸውን ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን የሰሜን ነፋስ በማይነሣበት፣ ጢስ በማይሸትበት ስፍራ ያሳርፍ፤ እጃቸውንም እሱ ራሱ ይያዝልን።

ሣጥኑ ከመውረዱ በፊት ተራ በተራ እየቀረባችሁ ክዳኑን በአውራ ጣታችሁ ጫን አድርጉላቸው። ስማችሁን መናገር አያስፈልግም።