ስልሳ ናሙና በአንድ ከረጢት

ይድረስ ለተከበሩ የማዕድን ቤተ ሙከራ ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ ጉልህ፣ ዕድሜዎ እንደ ቀጠሮዎ ረጅም ይሁንልኝ።

እኔ ሠላሳ ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። የቀበሌያችን አፈር አሲዳማ ሆኖ ገብሱ እየቀጨጨ ስላስቸገረ፣ አርሶ አደሮቹ ለአፈሩ መድኃኒት የሚሆን የኖራ ድንጋይ እንድመርጥላቸው ቢለምኑኝ፣ ከዓባይ በረሃ አፋፍ ከስልሳ ቦታ ነጭ ድንጋይ ለቅሜ፣ አድቅቄ፣ በየፖስታው ቁጥር ጽፌ አመጣሁልዎ። ድንጋዮቹ ለዓይን መንትያ ናቸው፤ አንዳንዱ ግን ኖራ፣ ሌላው ጂፕሰም፣ ሌላውም አሸዋ ነው፤ የአፈሩን አሲድ የሚያበርደው ደግሞ ኖራው ብቻ ነው። የእርስዎ የኤክስሬይ ዲፍራክሽን መሣሪያ ጨረሩ ዱቄቱን መትቶ እንዴት እንደሚበተን አይቶ ማዕድኑን ይለያል፤ ስልሳውን በትሪው ላይ ቢደረድሩለት በአንድ ቀን ይጨርሳል። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. "ለአንድ ደብዳቤ አንድ ናሙና" የሚል መመሪያ ስላወጡልን አመሰግናለሁ። ስልሳ ናሙና በአንድ ደብዳቤ ይዞ መምጣት ድፍረት መሆኑን በዚህ ዕድሜዬ ተማርሁ።

፪. የመዝገብ ቤት ሠራተኛዎ ወይዘሮ ጥሩብርሃን እንዳልጉላላ ስላዘኑልኝ አመሰግናለሁ። ደብዳቤዬን በስልሳ ፎቶ ኮፒ አስነሥቼ ስመለስ ስልሳውን ፖስታ በአንድ ከረጢት ገልብጠው፣ አንድ ቁጥር ሰጥተው ጠበቁኝ። "መምህር፣ ሁሉም ነጭ ዱቄት አይደል? ምን ያመላልስዎታል!" አሉኝ።

፫. መሣሪያው በዐሥር ደቂቃ ስለጨረሰ አመሰግናለሁ። ውጤቱ "ናሙናው ኖራ፣ ጂፕሰምና አሸዋ ይዟል" ይላል። ይህንንማ ከቤቴ ሳልወጣ አውቀው ነበር፤ ያልነበረኝ ክብ ማኅተሙ ነው።

ማኅተሙ ግን ሥራ ሠራ። የቀበሌው ሊቀ መንበር አቶ ጌቱ ወረቀቱን አይተው፣ ስልሳውም ቦታ ጸደቀ ብለው ለመንገድ የቀረበውን ኮረብታ ማስቆፈር ጀመሩ። ኮረብታው ኖራ ይሁን አሸዋ ገና አልታወቀምና ሮጬ ሄጄ ባስቆም፣ ገብሳቸው ሁለት ዓመት የከዳቸው እማማ ወለተ ኪዳን፣ "መምህር፣ ባለ ማኅተም ወረቀት ራስዎ አምጥተው ራስዎ አይሆንም ይላሉ? እኛ የማንን እንመን?" አሉኝ። ኖራው ከሰኔው ዘር በፊት አፈር ውስጥ መሰንበት አለበት፤ ግንቦት ሊያልቅ ደግሞ ዐሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል።

ከማያልቅ አክብሮት ጋር፣ የመመሪያዎ ታዛዥ፣ የፍጥነትዎ ምስክር፣
ደመላሽ ወልደ ሩፋኤል
የኬሚስትሪ መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ እንደገና የለቀምኋቸው ስልሳ ናሙናዎች ከስልሳ ደብዳቤዎች ጋር ሰኞ ጠዋት ይደርሳሉ። አንድ ልመና ብቻ አለኝ፤ በዚያ ቀን ማንም እንዳያዝንልኝ በጽሑፍ ይዘዙልኝ።