ለጀሊላ ጣቶች የተበሳ ጠርዝ

ማክሰኞ፣ ጥር 6

ሁለት ዚፕ ቀየርሁ። የተማሪ ሱሪ አሳጠርሁ። ሐይቁ ላይ ነፋስ ነበር፤ የሱቁን በር ስንዘጋ ስንከፍት ዋልን።

የወንድሜ ልጅ መስዑድ ከአዲስ አበባ የስፌት ዕቃ ይዞልኝ መጣ። ከክርና ከመርፌው መሀል እጀታ ያለው ክብ ምላጭ... ዙሪያውን ጥርስ። «ምንድን ነው?» ስለው፣ «እኔ ምን አውቄ፣ መርቀው ነው የሰጡኝ» አለ። ቁራጭ ጨርቅ ላይ አንከባለልሁት። አይቆርጥም። እየዘለለ ይበሳል፤ ቀዳዳዎቹ በእኩል ርቀት ተሰልፈው ቀሩ። መስዑድ ሳቀ። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ጣቴን በሰልፉ ላይ አስኬድሁት። እያንዳንዱ ቀዳዳ ይታወቃል!

ሚስቴ ጀሊላ በሩ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥር 7

ጎረቤታችን ወለተ ሩፋኤል መጣች። ልጇ ርሆቦት ልትወልድ ቀርባለች። ርሆቦት ራሷ ስትወለድ የተጠቀለለችው ጀሊላ ዳሩን ዳንቴል በሠራችለት ጋቢ ነው። በዚህ ሰፈር በጀሊላ ዳንቴል ያልተጠቀለለ ልጅ የለም። «አሁንስ አትቸገሪ፣ ከገበያ እንገዛለን» አለቻት። ለደግ ነው ያለችው። ጀሊላ «ይሁን» ብላ ፊቷን አዞረች። ከዚያ በኋላ ምሳም አልበላች።

ዓይኗን ግላኮማ ነው ያሏት። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን እንጠብቅ ነው ያለው ሐኪሙ። ባለፈው ክረምት የዳንቴል መርፌዋን፣ ኪሮሹን የምትወጋበት ቦታ እየጠፋባት ዳሩ ተጣመመ። ፈታችው። ደግማ ሠራች፣ ደግማ ፈታች። ከዚያ ዕድሜ ልኳን የሠራችበትን ኪሮሽ መሳቢያ ውስጥ ከታ ቆለፈችበት።

እጇ እኮ ምንም አልሆነም። የጠፋባት የመውጊያው ቦታ ብቻ ነው። ቦታውን እኔ ብሰጣትስ?

ሐሙስ፣ ጥር 8

ቸኮልሁ። ለርሆቦት ልጅ ጋቢ የሚሆን አዲስ የሽመና ጨርቅ አምጥቼ፣ ጠርዙን በምላጩ በስቼ፣ ሳልሞክር ሰጠኋት። መሳቢያውን በልመና አስከፈትኋት። ክሩን ሦስት አራት ጊዜ እንደ ሳበች ጠርዙ ተተርትሮ ጭኗ ላይ ወደቀ።

«በእኔ ትቀልዳለህ?»

«ኧረ በአላህ...»

«ተወኝ በቃ፣ ሙሀመድዘይን!»

አለቀሰች። እኔ ነኝ ያስለቀስኋት። ይህን ሁሉ ዘመን ልብስ የሰፋ ሰው የሽመና ጨርቅ ልል መሆኑን ይረሳል? ጅል!

ዓርብ፣ ጥር 9

እሷ መሳቢያውን መልሳ ቆለፈችው። እኔም ወደ ስፌቴ ተመለስሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 14

ለብቻዬ ስሞክር ሰነበትሁ። ቀዳዳው ለዳሩ ሲቀርብ ይቀደዳል። ጠረጴዛው የምላጩን ጥርስ አደነዘዘብኝ፤ ከጎማ ጠጋኙ ወፍራም ጎማ ለምኜ ከጨርቁ ሥር አነጠፍሁ። እሱ ረዳ። መተርተሩ ግን አልቀረም... ስራገም ሰማችኝ መሰለኝ፣ ከበሩ ላይ ሆና፦

«የሩዝ ውሃ አጠጣኸው?»

«ምን?»

«የሩዝ ውሃ፣ እንዲጠነክር! ሲደርቅ ተኩሰው። ጠርዙን እጠፍና ስፋው፤ ከዚያ ሁለቱን ደርበህ ብሳ። ልል ነገር እንዲያው ይበሳል?»

የሩዝ አገር የወረታ ልጅ ናት፤ ሩዝ ለሁሉም ነገር መድኃኒት ይመስላታል። ግን ሩዙን ማን ቀቀለው? ራሷ! ደስታዬን ዋጥ አድርጌ ውሃውን ተቀበልኋት።

ዓርብ፣ ጥር 16

የጋቢው ጠርዝ ያዘ! ጎተትሁት፣ በጥርሴ ሁሉ ሳብሁት፣ ንቅንቅ የለም። አጠገቧ አስቀምጬው ጁምዓ ሄድሁ። አልለመንኋትም። ሶላቱ ላይ ልቤ ቤት ነበር፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ስመለስ መሳቢያው ክፍት ነው። የግራ እጇ ጥፍር ቀዳዳውን ይፈልጋል፣ ኪሮሹ ይከተላል። ጥፍሩ ይቀድማል፣ ኪሮሹ ይገባል። ቀና ብላም አላየችኝ። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። እኔ ሽማግሌው እንደ ሕፃን አለቀስሁ፤ ምን አለበት?

ሐሙስ፣ ጥር 22

የጋቢውን አንዱን ጎን ጨረሰች። ቀጥ ያለ ነው። ታዲያ አሁን አልቻልኋትም...

«እዚህ ጋ እጅህ ዘሏል። ሁለቱ ቀዳዳ ተጠጋግቷል።»

«የት አባቱ! ደህና ነው።»

«ለካው።»

ለካሁት። እውነቷን ነው። ለዓይን የማይታየውን ጣቷ አገኘው። ሚስት ያገባሁ መስሎኝ ተቆጣጣሪ ነው ለካ ያገባሁት!

ሰኞ፣ የካቲት 3

ርሆቦት ወለደች። ሴት። በሐይቁ ዳር ባለው መንገድ ሄድን፤ ጋቢውን ጀሊላ ይዛዋለች፣ እኔ ክንዷን። እኔ ልያዝልሽ ብላት እምቢ አለች።

ወለተ ሩፋኤል ገለጠችው። ዳሩን ዙሪያውን ፈተሸችው።

«ማን ሠራው?»

«ማን ይሠራዋል?» አለች ጀሊላ።

ወለተ ሩፋኤል እልልታዋን አቀለጠችው፤ አራሷ ደንግጣ ተነሣች። ሕፃኗን ጠቅልለው ጀሊላን አሳቀፏት። እሷም ስትስቅ... እንዲያ ስትስቅ ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው?

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ወሬውን ወለተ ሩፋኤል ነዝታዋለች። ዛሬ ሁለት ሴቶች ጋቢ ይዘው ከፋሲሎ ሰፈር መጡ። «የጀሊላ ቤት ይኸ ነው?» አሉኝ። በሩ ላይ ስሜ በትልቁ ተጽፏል እኮ! «አዎ፣ ይኸ ነው» አልሁ። ኮራሁ፣ ምን እደብቃለሁ።

ሊመሽ ሲል መብራት ጠፋ። የስፌት መኪናዬ ቆመ። ሻማ ስፈልግ ከወንበሩ ጋር ተላተምሁ።

«ምን ሆንህ?» አለች ከጥጉ።

«መብራት ጠፋ።»

«ታዲያ ዕቃ ሳትሰብር ቁጭ በል።»

ቁጭ አልሁ። ክሩ ሲሳብ ይሰማኛል። መብራቱ ሲመጣ ማዕዘኑን አልፋ ሌላኛውን ጎን ጀምራለች።