ፖስታ የማይከፈትበት ቤት

ሰኞ፣ ኦክቶበር 17፣ 2022

ቁልፍሽን አስረክቢ ተባልኩ። በሰው ፊት!

ብራያን፣ የኩባንያችን የሴፍቲ ኃላፊ፣ ከቢሮው ወጥቶ ትራኬ ድረስ መጣ። "ዚ፣ ሶሪ፣ ዛሬ አትነጂም" አለኝ። ዘውዲቱ ማለት ስላቃተው አራት ዓመት ሙሉ ዚ ነኝ። መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ስቴቱ ጋ ያለው መዝገቤ የታደሰ ሜዲካል ካርድ፣ ለመንዳት ጤነኛ ናት የሚል ወረቀት ማለት ነው፣ የላትም ይላል። እንዴት የለኝም? ጁላይ ላይ ክሊቭላንድ አቬኑ ያለው ክሊኒክ ሄጄ ተመርምሬ፣ አልፌ፣ ዶሮ ሠርቼ ሰው ጠርቼ ያበላሁበት ነገር! "እንግዲያው ካርዱን አምጪው" አለ። እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ከሰኞ ጀምሮ የሲንሲናቲውን ሩት ለሌላ ሰው ይሰጣል።

የሲንሲናቲውን ሩት! ጠዋት ካናል ዊንቸስተር ካለው መጋዘናችን ወጥቼ ለእራት ቤቴ የምገባበትን። ሦስት ዓመት ማንም የማይፈልገውን ሩት ሁሉ ነድቼ ያገኘሁትን። ነገሩ ከቆየ ደግሞ የትራክ መንጃ ፈቃዴ፣ ሲዲኤሉ ራሱ፣ ወደ ተራ መንጃ ፈቃድ ይወርድና እንደገና ፈተና ነው። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ተጎታቹን የኋሊት በሁለት ብርቱካንማ የመንገድ ቆብ መሃል የማስገባቱን ፈተና የመጀመሪያውንም እንዴት እንዳለፍኩት እግዜር ነው የሚያውቀው።

በትንሿ መኪናዬ ወደ ቤት ስመለስ አውራ ጎዳናው ላይ ያለው ትራክ ሁሉ ቁልቁል የሚያየኝ መሰለኝ።

ካርዱ የት ነው? ጌታሁን ጋ። የዚህ ቤት ወረቀት ሁሉ ባሌ ጋ ነው። እሱ ደግሞ ዛሬ እስከ ሌሊት ሥራ ላይ ነው፣ ስልኩም ሎከር ውስጥ። ስድስት ጊዜ ደወልኩ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 18

"ካርዱ የት ነው?" አልኩት ገና ዓይኑን ሲገልጥ።

"በሚገባው ቦታ" አለኝ።

የሚገባው ቦታ ማለት ከአልጋው ሥር ያለችው ጥቁር ሻንጣ ናት። ሻንጣዋ ቁልፍ አላት። ቁልፏም የራሷ የሚገባት ቦታ አላት፤ የት እንደሆነ ግን ጌታሁን ረስቶታል። አንድ ሰዓት ፈለግን። ምስር ዕቃው ውስጥ ተገኘች።

በሻንጣዋ ውስጥ ያየሁት፦ ፓስፖርቶች። የሸጥናት መኪና ኢንሹራንስ። የሞተ ቴሌቪዥን ማንዋል። የልጃችን የሄለን የክትባት ካርድ። እና ፖስታዎች፣ ሁሉም እንደታሸጉ። የክሊኒኩም አለ። እንደታሸገ!

"አልከፈትከውም?"

"አንቺስ ከፍተሽ ነው የሰጠሽኝ?"

እውነቱን ነው። ይኼን እንግዲህ ለራሴም ቢሆን መጻፍ አለብኝ። ዲቪ ደርሶን ልንመጣ ስንል ኤምባሲው አንድ ትልቅ ፖስታ አሽጎ ሰጠን። እንዳትከፍቱት፣ ኤርፖርት ላለው ኦፊሰር ብቻ ስጡ ተባልን። ጌታሁን ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ደረቱ ላይ አቅፎት መጣ። ሽንት ቤት ይዞት ገባ። ምግብ ሲመጣ በአንድ እጁ በላ። ኦፊሰሩ ሲቀደው አይቶ ነው የተነፈሰው። ይኸው አሥራ አንድ ዓመታችን፣ መሥሪያ ቤት አሽጎ የሰጠን ፖስታ በዚህ ቤት አይከፈትም፤ የሚመለከተው ሰው እስኪጠይቅ ይጠበቃል። እኔም የክሊኒኳ ልጅ "ይሄ ወደ ስቴቱ ነው የሚሄደው" ብላ አሽጋ ስትሰጠኝ ስቴቱ ሲፈልገው ይጠይቀኛል አልኩ። ስቴቱ ለካ እኔን ነው የሚጠብቀው።

የሚገርመው፣ ጌታሁን አሁንም አይከፈትም አለ! "ለብራያን ስጪውና እሱ ይክፈተው፤ ነገ ተነካክቷል ቢሉንስ?"

ሄለን ደረጃው ላይ ቆማ ትሰማን ነበር። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ትዕግሥት አልፈጠረባትም። "ኦ ማይ ጋድ፣ ኢትስ ኤ ፒስ ኦፍ ፔፐር!" ብላ ወረደችና ከእጁ ነጥቃ ቀደደችው። ጌታሁን ዓይኑን ጨፈነ።

አነበበች። እንደገና አነበበች። ሄለን ሁለቴ የምታነበው ነገር ደስ አይልም።

"ማም፣ ዚስ ኤክስፓየርስ ሳተርዴይ።"

የሁለት ዓመት ነው ብዬ ዶሮ ያበላሁበት ካርድ የሦስት ወር ነው፣ ቅዳሜ ያበቃል! ጁላይ ላይ ግፊቴ 168 በ102 ነበር። በሦስት ወር ውስጥ ተመልሼ ከ140 በ90 ሳልበልጥ ከተገኘሁ ይራዘምልኛል፤ ከበለጥኩ የለም። ሁሉም ተጽፏል። ዶክተሩም ነግሮኝ ነበር ለካ፣ ከማስኩ ሥር፣ በጥድፊያ፣ እኔ "የስ፣ የስ፣ ቴንክዩ" ስለው። ዓይኖቹ ፈገግ ሲሉ አለፍኩ ብዬ ነው የወጣሁት።

ክሊኒኩ ደወልን። ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 19

እትዬ አስናቀች መጡ። ሁለት ቤት አልፎ ነው የሚኖሩት፤ የሰፈራችን፣ የፎረስት ፓርክ ሐበሻ ሁሉ የሚለካበት የግፊት መለኪያ የሳቸው ነው። አገር ቤት ጤና ጣቢያ ሠርተዋል። ካርድ ክፍል። ቢሆንም ጤና ጣቢያ ጤና ጣቢያ ነው፣ ማንም አይከራከራቸውም።

ክንዴን እያሰሩ ወሬያቸውን ጀመሩ። "አንድ ጎረቤት ነበረችኝ፣ ልክ እንዳንቺ ወፈር ያለች። እንዲህ ቁጭ ብላ ስታወራ፣ ድፍት!" ማሽኑ ጮኸ። 171 በ104።

"አየሽ? ብዬ ነበር!"

ይደገም አልኩ። ሲደገም የሴትዮዋ እህትም እንደዚያው መሆኗን ሰማሁ። 176።

ትእዛዛቸው፦ ጨው ተይ። ቡና ተይ። ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድ። አትናደጂ። የመጨረሻዋ በጣም አናደደችኝ።

ጌታሁን ጥፋቱን ሊክስ ጨው የሌለው ሽሮ ሠራ። "ጥሩ ነው አይደል?" አለ፣ የራሱ ላይ ጨው እየነሰነሰ። ከዚያ በየአሥር ደቂቃው ብቅ እያለ "አሁንስ?" ይለኛል። አሁንስ ምን? ግፊት ውኃ ነው፣ ተጥዶ ፈላ አልፈላ የሚባል?

ብራያን ቴክስት አደረገ፦ "ዚ፣ ምን ደረሰ?" ሰው መልስ ሲያጣ የሚልካት አውራ ጣት የቀሰረች ትንሽ ሥዕል አለች፣ እሷን ላክሁለት።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 20

ቡና ከተውኩ ሁለተኛ ቀኔ። ራሴ ሊፈነዳ ነው።

ጠዋት 165 በ98። ከነጭ ሽንኩርቱ በኋላ 169 በ101። ከጌታሁን "አሁንስ?" በኋላ 173። ማሽኑ የትዳራችንን ሁኔታ ነው የሚለካው።

ፈርቻለሁ። ቀልዱን ትቼ፣ ፈርቻለሁ። አገር ቤት አሥራ አምስት ዓመት ጸሐፊ ነበርኩ። ደብዳቤ እየተየብኩ፣ እንግዳ ሲመጣ ሻይ ይምጣ እየተባልኩ። እዚህ መጥቼ ዕቃ አሸግኩ፣ ፎቅ ጠረግኩ። አርባ ስምንት ዓመቴ ላይ ትራክ ልንዳ ስል የሳቀው ሰው ብዛቱ! ዛሬ እዚያ ላይ ከፍ ብዬ ስቀመጥ ሻይ አምጪ የሚለኝ የለም። ሲንሲናቲ ልደርስ ስል ከዳገቱ ላይ ወንዙና ድልድዮቹ ብቅ የሚሉበት ቦታ አለ፤ በየቀኑ አየዋለሁ፣ በየቀኑ ደስ ይለኛል። ይኼንን ለጌታሁን ነግሬው አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ሄለን ከትምህርት ቤት ስትመጣ እትዬ አስናቀች አጠገቤ ተቀምጠው ስለ ሦስተኛዋ ሟች ያወሩኛል። ልጄ የማሽኑን ሣጥን አነሳችና ከሥሩ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አወጣች። መመሪያው ነው። ከነፕላስቲኩ! አምስት ዓመት ሙሉ ሰፈሩን ሲለኩበት ማንም አልከፈተውም።

ቀደደችው። ይቺ ልጅ መቅደድ ታውቃለች።

"ማም፣ ሊስን። እግር መሬት ላይ። ኖ ክሮሲንግ። ጀርባ ደገፍ። ፊኛሽ ባዶ ይሁን።" ቀና አለች። "ኤንድ ኖ ቶኪንግ። ፋይቭ ሚኒትስ።"

"ሳያወሩማ ማን ይለካል?" አሉ እትዬ አስናቀች።

እኔ ግን ጁላይ ትዝ አለኝ። ሽንት እንደሚጠይቁኝ አውቄ፣ እዚያ ሄጄ እምቢ ብሎኝ እንዳላፍር፣ ከቤት ትልቁን ጠርሙስ ውኃ ጠጥቼ ነው የሄድኩት። ተራዬ እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ያዝኩት። ነርሷ ስትለካኝ እግሬን አጣምሬ ጥርሴን ነክሼ ነበር! እንኳን ግፊቴ ነፍሴም ልትወጣ ምንም አልቀራት።

ሄለን ሥራውን ተረከበች። አባቷን ግቢ ቅጠል ጥረግ ብላ አስወጣችው። እትዬ አስናቀችን "ፕሊዝ፣ እትዬ" አለቻቸው፤ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። በሦስተኛው ደቂቃ "ጎሽ የኔ ልጅ" ብለው አመለጣቸው፤ እንደገና ከአንድ ጀመርን። በሁለተኛው ሙከራ ጌታሁን በመስኮት "አሁንስ?" አለ። በሦስተኛው ተሳካ። አምስት ደቂቃ ሙሉ ማንም ያልተናገረበት ጊዜ በዚህ ቤት መኖሩን እንጃ። ፍሪጁ ድምፅ እንዳለው ዛሬ ነው የሰማሁት።

142 በ89።

ሁለት ቁጥር! ሁለት ቁጥር ብቻ ቀረኝ። እትዬ አስናቀች እልል ሊሉ ሲሉ ሄለን አየቻቸው፣ ተዉት።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 21

ጌታሁን ካልሄድኩ ብሎ ፈቃድ ወስዶ መጣ። መኪና ውስጥ እንዳይናገር አስማልኩት። ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ቀይ መብራት ሲይዘን አፉን ከፈተ፤ አየሁት፤ ዘጋ። ምስኪን፣ ላብ አጥምቆታል።

ክሊኒኩ ደርሼ ሽንት ቤት ሁለት ጊዜ ገባሁ። ለማንኛውም።

ነርሷ ወሬ የምትወድ ናት። ቀኔ እንዴት እንደሆነ፣ ስለ ብርዱ፣ ከየት አገር እንደመጣሁ። እጄን አነሳሁና "ፋይቭ ሚኒትስ፣ ፕሊዝ፣ ኖ ቶኪንግ" አልኳት። ሳቀች፤ ሰዓቷን አየች፤ ወጣች። እግሬን መሬት ላይ አድርጌ ወንዙንና ድልድዮቹን አሰብኩ።

የመጀመሪያው 146 በ90። "አንዴ እንድገመው፣ ግን ጃኬትሽን አውልቂው" አለችኝ። ለካ በጃኬት ላይ ነበር የታሰረው። አወለቅሁ። እንደገና ዝም። ግድግዳው ላይ ያለውን የኩላሊት ሥዕል እያየሁ ቆጠርኩ።

136 በ84!

ነርሷን አቀፍኳት። ኮቪድ ትዝ ያለኝ ከለቀቅኋት በኋላ ነው።

ዶክተሩ ያው የጁላዩ ነው፣ ያው ዓይኖች። ዛሬ ግን ፈገግታውን አልተቀበልኩም። "ቀስ ብለህ ንገረኝ" አልኩት፤ ነገረኝ። ከጁላዩ ምርመራ ተቆጥሮ አንድ ዓመት፣ እስከሚመጣው ጁላይ። መልሼ ነገርኩት። ልክ ነሽ አለኝ።

እንግዳ መቀበያው ጋ ያለችው ልጅ ወረቀቱን ፖስታ ውስጥ ከተተች፣ ላሰችና አሸገችው። ጌታሁን እጁን ዘረጋና ወሰደው። ደረቱ ላይ ለጠፈው።

"ክፈተው" አልኩት።

"እዚህ?"

"እዚህ።"

ዞር ዞር ብሎ አየ። የመኪና ቁልፉን አወጣና በጠርዙ፣ እንደ ቀዶ ሐኪም፣ ቀስ አድርጎ ከፈተው። ማንም አልያዘውም። ካርዱን አውጥቶ ስሜን አነበበ፣ ቀኑን አነበበ፣ ልጅቷን ደግሞ አመሰገናት። እዚያው ቆመን ሄለን ትናንት እንዳሳየችን ፎቶ አንስተን ለስቴቱ ላክን፣ ለብራያንም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብራያን፦ "መዝገብሽ ተስተካክሏል። ሰኞ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ትራክሽ ይጠብቅሻል።" ቀጥሎ ቡናዬን ጠጣሁ። አንድ ብቻ። ትልቅ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 22

ከእንቅልፌ ስነሳ ጥቁሯ ሻንጣ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ናት። ጌታሁን የመኪና ቁልፉን ይዞ የታሸጉትን ፖስታዎች በሙሉ ደርድሯል። ሰባት ናቸው።

አንዱ የላይብረሪ ካርድ። አንዱ ያመለጠን የጥርስ ቀጠሮ። አንዱ የሄለን የመዋዕለ ሕፃናት ፎቶ፣ የፊት ጥርሶቿ የሉም፣ ሃያ አራት ቅጂ! አሥር ዓመት በጨለማ። ሄለን "ኖ ዌይ" እያለች ስትስቅ ቆይታ አንዱን ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። ትላንት ድልድዮቹን እንዳሰብኩ ለጌታሁን ነገርኩት። አንድ ቀን አብሬሽ ልሂድ አለ። እንዲህ ያለ ጠዋት ነበር።

ስድስተኛውን ከፈተና ማንበብ አቆመ። ወደ ሻንጣዋ ሊመልሰው ሲል እጁን ያዝኩት።

ከሱ ሐኪም ነው። የተጻፈው አምና ነው። አቶ ጌታሁን፣ የደም ግፊትዎ ከፍ ብሎ ተገኝቷል፣ እባክዎ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይደውሉልን።

"የሚመለከተው ሰው ተገኘ" አልኩት። አልሳቀም። እኔም ወዲያው ሳቄ ጠፋ።

እትዬ አስናቀችን ደወልኩላቸው፤ በነጠላ ጫማ ሮጠው መጡ፣ ማሽኑን አቅፈው። ሄለን መመሪያውን አመጣች። እግሩን መሬት ላይ አስቀመጥን፣ ጀርባውን አስደገፍን፣ ሽንት ቤት ላክነው፣ መለስነው። አጠገቡ ተቀምጬ እጁን ያዝኩ።

"አምስት ደቂቃ ዝም በል" አልኩት።

ግማሽ ደቂቃ ቆየ። "አሁንስ?" አለ።