ለሦስተኛው በር አደጋ ጥፋተኛ ላገኘው ኮሚቴ

ለተከበሩ የአደጋ አጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ካሉበት ቢሮ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና የኮሚቴዎ አባላት እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ያ የሚያስቸግርዎ ወገብዎ ሁሉ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ሁለቱ እግሮችዎስ እንደምን ናቸው? ስለ እግር መጠየቄ ለነገር አይደለም፤ ሰሞኑን ሰው ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እግሩ ላይ ስለሆነ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

እኔ በመጋዘናችን ማራገፊያ መድረክ፣ በሦስተኛው በር ላይ የርክክብ ሠራተኛ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የጫነ መኪና ሲመጣ ዕቃውን ቆጥሬ እቀበላለሁ፣ ባዶውን እሸኛለሁ። እርስዎ ላያስታውሱኝ ይችላሉ፤ አይፈረድብዎትም፤ መድረካችን ላይ የመጡት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ደሙ ከታጠበ በኋላ።

የኮሚቴዎ ሪፖርት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎልን አራቱንም ገጽ ቆሜ አነበብኩት። ጽሑፉ ያማረ ነው፤ አንድ የፊደል ግድፈት አላገኘሁበትም። መደምደሚያው ላይ ግን «አደጋው የደረሰው በተጎጂው የጥንቃቄ ጉድለት ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። ተጎጂው እኛ «አባ ቀስ» የምንለው ጫኝና አውራጅ ነው። ይህን ስም ያወጣንለት ለቀልድ ነበር፤ ጋሪ ሲገፋ፣ ካርቶን ሲያነሳ፣ ምሳውን ሲበላ ሳይቀር አይቸኩልም፤ የሚቸኩል ሰው ካየም «ቀስ፣ ቀስ፣ ዕቃው የትም አይሄድም» ይላል። ይኸው ሰው ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ከተቆረጠ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። አሁን ደግሞ «ጥፋቴን አምኜ ተቀብያለሁ» በሚል ወረቀት ላይ እስከ ዓርብ እንዲፈርም ልካችሁበታል። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ ሳይፈርምበት ወረቀቱን መልሳችሁ እንድትወስዱለት ለመለመን ነው፤ ሌላ ጉዳይ የለኝም።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ሌላውም አንባቢ እንዲረዳው ስለ ሥራችን ጥቂት ልበል። የጭነት መኪና በኋላው መጥቶ መድረካችንን ተጠግቶ ይቆማል። በመኪናው የጭነት ሳጥን፣ በካሶኒውና በኛ ሲሚንቶ መሐል ክፍተት ስለሚቀር ላሜራ እናነጥፍበታለን፤ አውራጆቹ ጋሪያቸውን እየገፉ በሱ ላይ ይሻገራሉ። ላሜራው ተነጥፎ ሳለ መኪናው መንቀሳቀስ የለበትም። ሹፌሩ ፊት ለፊት ስለሚቀመጥ ኋላ ያለውን አያይም፤ ስለዚህ ከበሩ በላይ መብራት ተተክሎለታል፤ ቀይ ሲበራ ይቆያል፣ አረንጓዴ ሲበራ ይሄዳል። እንግዲህ አቤቱታዬን በቁጥር ላቅርብ፤ ኮሚቴዎ ቁጥር እንደሚወድ ሰምቻለሁ።

አንደኛ፣ ይህ መብራት አደጋው ከመድረሱ አሥራ አንድ ወር በፊት ሞተ። ሳይቃጠል በቅጠል ብለን በቢሮዎ በኩል ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመለከትን፤ ሦስቱንም ጊዜ «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» የሚል መልስ ደረሰን። ሳትታክቱ ስለመለሳችሁልን እናመሰግናለን፤ መልስ የማይሰጥ ቢሮም አለ። መብራቱ አባ ቀስ ሆስፒታል በገባ በሦስተኛው ቀን ተሠራ። ኤሌክትሪሺያኑ መሰላል ላይ ወጥቶ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ወረደ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። ሪፖርታችሁ ገጽ ሁለት ላይ «መብራቱ በሥራ ላይ መሆኑን ኮሚቴው በአካል ተገኝቶ አረጋግጧል» ይላል። እውነት ነው፤ እናንተ ስትመጡ ይሠራ ነበር።

ሁለተኛ፣ መብራቱ ሲሞት ሥራው መቆም ነበረበት፤ አልቆመም፤ ምክንያቱም እኔ ብልጥ ነኝ። የመኪናውን ካሶኒ በመዳፌ አንድ ጊዜ ስመታ «ቆይ»፣ ሁለት ጊዜ ስመታ «ሂድ» ማለት እንዲሆን ፈጠርኩ። ሹፌሮቹን ሁሉ እንደ ተማሪ አስጠናኋቸው፤ የተሳሳተውን በሰው ፊት እየቀለድኩበት አሳፍረው ነበር። ቢሮዎም ይህን ሰምቶ «በራስ ተነሳሽነት ችግር ለፈታች» የሚል የምስክር ወረቀት በመስታወት አሠርቶ ሸለመኝ፤ ቢሮዎ አስጠርተው እርስዎ ራስዎ ጨበጡኝ፤ ፎቶም ተነሳን። እጅዎ ለስላሳ ነበር። ታዲያ በአራቱ ገጽ ውስጥ ስለ ማንኳኳት አንዲት ቃል እንኳ አላገኘሁም። ብትጽፉት «ማን ፈቀደ?» ሊባል ነው፤ ፎቶው ደግሞ እርስዎ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ሦስተኛ፣ የዚያን ቀን ጠዋት ከቢሮዎ የተላከ አናጢ መጣ። «ደኅንነት ይቅደም» የሚል ትልቅ ሰሌዳ በሦስተኛው በር ጎን ባለው እንጨት ላይ እንዲመታ ታዞ ነው። አናጢው ጨዋ ሰው ነው፤ ያዘዙትን ነው የሠራው። በሩ ላይ ሳሙና የጫነ መኪና ቆሞ ነበር። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ መዝገቤ ላይ እጽፋለሁ፤ አባ ቀስ የመጨረሻዎቹን ካርቶኖች በጋሪ እየገፋ ላሜራው ላይ ደርሷል። አናጢው ሚስማሩን ሁለት ጊዜ መታውና ሌላ ሚስማር ከአፉ ሊያወጣ እጁን ገታ አደረገ። ካሶኒው ግጭት እንዲያበርድ ግድግዳው ላይ ከተመታው ላስቲክ ጋር ተጣብቆ ስለሚቆም ድምፁ ሹፌሩ ዘንድ ሲደርስ የኔው መዳፍ ሆኖ ደረሰ። ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ዝም። ሹፌሩ ሞተር አስነሳና ሄደ፤ እንዴት አይሄድ፣ ያስተማርኩት እኔ! ላሜራው ወደቀ፣ አባ ቀስም ከነጋሪው ወደቀ፣ ጋሪው ከነሳሙናው እግሩ ላይ አረፈ። ጩኸቱን አልጽፈውም፤ ሪፖርታችሁም አልጻፈውም፤ በዚህ እንኳ ተስማምተናል። ሰሌዳው በአንድ ሚስማር ተንጠልጥሎ ዋለና የቀሩት ሦስቱ በማግስቱ ተመቱለት። አሁን ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ እናመሰግናለን።

አራተኛ፣ ጥፋተኛ የፈለጋችሁበትን መንገድ ሳላደንቅ አላልፍም። መብራቱን ያላሠራው ክፍል «በሂደት ላይ ነው» የሚል ወረቀት ነበረው፤ ተወው ተባለ። ሹፌሩን የቀጠረው ድርጅት «ሠራተኛችን በተለመደው አሠራር ሄዷል» የሚል ደብዳቤ ጻፈ፤ እሱም ተወው ተባለ። አናጢው የሥራ ትእዛዝ ነበረው። እኔ የምስክር ወረቀት ነበረኝ። ወረቀት ያልነበረው አባ ቀስ ብቻ ሆነ፤ እሱ የነበረው እግር ነው፤ እሱንም ሐኪሙ ወስዶታል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል እሰማ ነበር፤ እንዲህ በማኅተም ተደግፎ ሲለከክ ግን ማየቴ የመጀመሪያዬ ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፤ ሞኙ ግን አልጋ ላይ ነበርና ሞፈሩ ሲቆረጥ ወጥቶ ማየት እንኳ አልቻለም።

አምስተኛው ኮሚቴውን አይመለከትም፤ እኔን ነው የሚመለከተው፤ ቢሆንም ያንብቡት። የምስክርነት ቃሌን እንድሰጥ ስትጠሩኝ ቀሚሴን አስተካክዬ፣ ስለ ማንኳኳቱ ትጠይቁኛላችሁ ብዬ እየፈራሁ ገባሁ። የጠየቃችሁኝ «ተጎጂው ላሜራው ላይ ነበር ወይስ አልነበረም?» ብላችሁ ብቻ ነው። ነበር አልኩ። አመሰገናችሁኝና ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ስደርስ እፎይ አልኩ፤ እግዜር ይይልኝ፣ እፎይ ነው ያልኩት! የሥራ ባልደረባዬ እግሩ ተቆርጦ ተኝቶ እኔ ከተጠያቂነት አመለጥኩ ብዬ ደስ አለኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዲት ካርቶን ሳላጎድል የቆጠርኩ ሴት ያን ቀን ሰው አጎደልኩ። ከዚያ ወዲህ የአናጢ መዶሻ በሰማሁ ቁጥር ሦስተኛው ምት እስኪሰማ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ባለፈው እሑድ ልጠይቀው ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ በሩን ከፍታ አቅፋኝ ቆየች። አባ ቀስ በመስኮቱ በኩል አልጋው ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲያየኝ ወንበር ሊስብልኝ ተነሳ፤ እግሩ አለመኖሩን ረስቶት ኖሮ ተመልሶ ወደቀ። ወድቆም «ይቅርታ እትዬ፣ አስደነገጥኩሽ» አለኝ። እኔን ነው ይቅርታ የሚጠይቀው! ወንበሩን ራሴ ስቤ ተቀመጥኩ።

ወረቀቱን አትፈርም ልለው ነበር የሄድኩት። እሱ ግን ቀድሞኝ፣ ኮሚቴው የተማሩ ሰዎች ያሉበት ነው፣ አይተው አጣርተው ነው የጻፉት፣ «የዚያን ቀን ቸኩዬ መሆን አለበት፣ እኔ አላስታውሰውም እንጂ» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ ይህ ሰው በሕይወቱ ቸኩሎ አያውቅም። ሚስቱ ልትሸኘኝ ስትወጣ ደጃፉ ላይ ይዛኝ እንዲህ አለች፤ «እትዬ፣ እግሩን ሲወስዱበት ዕድሉ ነው ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ግን ሰውየውን ራሱን እየወሰዱብኝ ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ያን ጠዋት እርምጃ በእርምጃ ይቆጥረዋል፤ የቸኮለበትን ቦታ ይፈልጋል። ሲያጣው ደግሞ እንደገና ከበሩ ይጀምራል።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ ወደ ቤቴ መሄድ አቃተኝ፤ ተመልሼ ገባሁ። ስለ ሚስማሩም፣ ስለ መዳፌም፣ ኮሪደሩ ላይ ስላልኩት እፎይም ሳልደብቅ ነገርኩት። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድበኝ በወደድኩ። ብርድ ልብሱን አስተካከለና «አንቺማ ለኛው ብለሽ ነው፣ እትዬ፤ የኔን እርምጃ አንቺ አልረገጥሽውም» አለኝ። የእናንተን ወረቀት ከኔ ቃል ይልቅ አመነው። ማኅተም አለበታ።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሰርዙልኝ። ባዶ ቦታ መተው ደንብ የሚከለክል ከሆነ የኔን ስም አስገቡበት፤ የምስክር ወረቀቱን ከነመስታወቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሻለሁና የሚከላከልልኝ ወረቀት ከእንግዲህ የለኝም። ሰውየው እግሩን አይጠይቃችሁም፤ ያን ጠዋት መቁጠሩን እንዲያቆም ብቻ እርዱት። ይህን ለማድረግ መሰላል አያስፈልግም፤ አንድ እስክሪብቶ ይበቃል።

እስካሁን ስላደረጋችሁልን፣ ይልቁንም ስላላደረጋችሁልን ሁሉ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ለስላሳ እጅዎ ዘወትር እንደለሰለሰ፣ ወንበርዎም ከሥርዎ ሳይንቀሳቀስ እንዲኖር ከልብ በመመኘት፣

ታዛዥዎ፣
የሦስተኛው በር የርክክብ ሠራተኛ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ይዤ ከቤቴ ልወጣ ስል የአባ ቀስ ሚስት በሬ ላይ ጠበቀችኝ። ዓርብን ሳይጠብቅ ዛሬ ጠዋት ፈርሟል፤ ወረቀቱንም ለእርስዎ እንዳደርስ ሰጠችኝ። በጀርባው ላይ በራሱ እጅ «ሹፌሩ ከዚያን ቀን ወዲህ መሪ አልያዘም አሉኝ፤ የሱ ጥፋት እንዳልሆነ ንገሩልኝ» ብሎ ጽፏል፤ ፎርማችሁ ለእንዲህ ያለ ነገር ቦታ ስላላዘጋጀ ገልብጠው ያንብቡት። እኔም ከሱ ፊርማ ሥር ፈርሜያለሁ። ከኔ በታች ያለውን ቦታ ለካሁት፤ ለእርስዎ ፊርማ ይበቃል።