የኡበርሊንዳ ጠጠሮች

ሐምሌ 2
ዝናብ። እርጥቡ እንጨት ምድጃው ውስጥ ሲጨስ ዋለ። ድንች ስልጥ ልጄ አዬሌን ትክ ብላ አየችኝ። «እማዬ፣ ዓይንሽ ቢጫ ሆኗል።» ጢሱ ነው አልኳት። ጢስ ግን ዓይን ያቀላል እንጂ...

ሐምሌ 4
ቴሙኮ ከተማ፣ ሆስፒታል ተኛሁ። የሐሞት ጠጠር ነው አሉ። ሐሞቴን ድሮ አውጥተውት የለም እንዴ? ዶክተሩ ገና ልጅ ነው። «እማማ፣ ከረጢቱ ቢወጣም ቱቦው ውስጥ ጠጠር ይፈጠራል። በአፍዎ ቀጭን ቱቦ አስገብተን እናወጣዋለን። ሆድዎን አንቀድም።» በአፍ? ክኒን እንኳ በግድ የሚወርድልኝ እኔ?
በኋላ አዬሌን ኮሪደር ላይ ከዶክተሩ ጋር ስታንሾካሹክ አየኋት። እኔን ስታይ ከእሱ ፈቀቅ አለች። ምን ቢላት ነው?

ሐምሌ 6
አለቀ አሉኝ። አስተኙኝ፣ ነቃሁ፣ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል። በቃ። ስፌት የለ፣ ጠባሳ የለ።
«ጠጠሮቼስ?»
«ከቱቦው ጠርገን ወደ አንጀትዎ ጥለናቸዋል። ከሰገራ ጋር ይወጣሉ።»
እንዲህም አለ? እኛ ሰፈር ጠጠሯን በብልቃጥ ይዛ ያልተመለሰች ሴት የለችም። የእኔን የድሮውን ብልቃጥ የመሬት መንቀጥቀጥ ከመደርደሪያ ጥሎ ሰበረብኝ እንጂ...

ሐምሌ 8
ቤት ገባሁ። ሽንት ቤት በእንጨት ስፈልግ ዋልኩ። ምንም የለም። ይህን ለማንም አልናገር።
ጎረቤቴ ኡበርሊንዳ የራሷን ብልቃጥ ይዛ ልትጠይቀኝ መጣች። ለመጣው እንግዳ ሁሉ ታሳያለች። ትልቁ ጠጠር ሽምብራ ያህላል፣ ጎኑ ላይ ጥቁር ነጥብ አለው።
«አንቺ ኤርሲሊያ፣ ያንቺስ የታለ?»
«አልሰጡኝም።»
«ታዲያ ምኑን አወጡልሽ?» ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።
የእናቴም ዓይን እንዲሁ ቢጫ ሆኖ ነበር። ሆዷን ከፈቱ፣ ካንሰሩን አዩ፣ መልሰው ሰፏት። ጠጠር ነበር፣ ወጣልሽ ተባለች። ከዚያ ወዲያ ማንም አልተቆጣትም። የአሳማ ጥብስ ስትል ጥብስ፣ ወይን ስትል ወይን። ብዙም ሳትቆይ ቀበርናት።

ሐምሌ 11
መስታወት ማየት ፈርቻለሁ። አዬሌን ፀባይዋ ተለውጧል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታናግረኝ። ትራሴን ታደላድላለች። ሆን ብዬ ሬዲዮውን አስጮህኩት፤ ምንም አላለችም። ድሮ ቢሆን ቤቱ አይበቃንም ነበር።
«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ።»
«ነገርኩሽ እኮ እማዬ።» ግንባሬን ሳመችኝ። ግንባሬን...

ሐምሌ 13
አዬሌን ብልቃጥ ይዛ መጣች። «ሆስፒታሉ ላከልሽ። ጠጠሮችሽ ናቸው።»
ወደ መስኮቱ ይዤው ሄድኩ። ሽምብራ የሚያህል። ጎኑ ላይ ጥቁር ነጥብ። አመሰግናለሁ ብዬ ተኛሁ። ሕመሜ ጠጠር ከነበረ የሰው ጠጠር ለምን ትዋሳለች? ፈራሁ። እንደ እናቴ መሆኔ ነው።

ሐምሌ 14
ዝናቡ አላባራም። መሞቴ ካልቀረ በልቼ ልሙት አልኩ። ዱባ ቀቅዬ ከዱቄት ጋር ለወስኩ፣ በአሳማ ስብ ሶፓይፒያ ጠበስኩ። የመጀመሪያዋን ልጎርስ ስል አዬሌን ገባች። ከእጄ ነጠቀችኝ።
«አብደሻል? ቅባት አትንኪ አልተባልሽም? እንደገና ብትታመሚ አውቶቡስ ላይ ይዤሽ አልሳፈርም፣ ብቻሽን ትሄጃለሽ።»
ብልቃጡን አነሳሁባት። «ይኼስ የማን ነው?»
«የኡበርሊንዳ ነው፣ ምን ላድርግ? ሽንት ቤት ስትቆፍሪ ያላየሁሽ መሰለሽ? ዶክተሩ እስክታገግም አታስጨንቂያት ስላለኝ ነው ስለማመጥሽ የከረምኩት። አሁንስ በቃኝ። ለአንቺ ደግነት አይሆንሽም።»
ድስቱን ከነስቡ ጓሮ ደፋችው። በሩ ሲላተም መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።
እናቴ ላይ እንዲህ የጮኸ አልነበረም። ለሚሞት ሰው ማን ሶፓይፒያ ይከለክላል?
መስታወቱ ጋ ሄድኩ። የዓይኔ ቢጫው ጠፍቷል፣ ነጭ ሆኗል። ለካ ድኛለሁ። አለቀስኩ።
ብልቃጡን ነገ ለኡበርሊንዳ እመልሳለሁ። አዬሌን አሁንም ወጥ ቤት ውስጥ እያጉረመረመች ነው። ታጉረምርም።