ሰከንድ መሸንሸን ያቃተው ሰዓት

ለተከበሩ የሩጫ ውድድር ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ጂንካ

ክቡር ሆይ፣ ከነቤተሰብዎ፣ ከነአዲሱ ሰዓት መያዣ ማሽንዎም ጭምር በሙሉ ጤንነት እንዳሉ ተስፋ አደርጋለሁ። በዚህ መጽሔት በየሳምንቱ የጂንካን ወሬ የማቀብለው ሰናይት ነኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ያጣሁት እንቅልፍ ብቻ ነው።

ባለፈው እሁድ ለማሰልጠኛ ካምፑ በቀረችው አንዲት ቦታ የእህቴ ልጅ ሩቲና ከቀይ አፈር ከተማ የመጣችው ኤፍራታ ተናንቀው ሲገቡ፣ ማሽንዎ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ሰዓት ስለሰጠ፣ ኮሚቴዎም እኩል የገቡትን በደረት ቁጥር ቅደም ተከተል ስለሚለይ፣ ቁጥር ሦስት ሩቲ ቁጥር አርባ ኤፍራታን አሸነፈች ተባለ። ለዚህ ጥበብዎ ከልብ እያመሰገንኩ ቅሬታዬን አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስክሪኑ ከሰከንድ በታች ሁለት አሃዝ ያሳያል፤ ሁልጊዜም ዜሮ ዜሮ ናቸው። ባለሙያዎ ራሳቸው በኩራት እንደነገሩኝ፣ ውስጡ ያለው ሰዓት የሚቆጥረው በሰከንድ አንዴ ብቻ ስለሆነ፣ በሁለት ቆጠራ መሀል የገባ ሁሉ፣ ቀዳሚም ተከታይም፣ አንድ ሰዓት ይሰጠዋል። ዜሮዎቹ ለጌጥ ከሆኑ በእውነት ያምራሉ።

ሁለተኛ፦ ሜዳ ሙሉ ሰው ኤፍራታ ቀደመች ቢልዎ፣ ከሰው ዓይን ማሽን ይታመናል ብለው በትሕትና አሰናበቱን። ልክ ነዎት፤ የእኛ ዓይን በካርቶን ታሽጎ አልመጣም።

ሦስተኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው። መዝጋቢዋ ወዳጄ ስለሆነች ሩቲን ያለ ሰልፍ ያስመዘገብኳት እኔ ነኝ፤ ኤፍራታ በአውቶቡስ እስክትደርስ ትንንሾቹ ቁጥሮች አልቀው ነበር። ውጤቱ ሲነገር ከሁሉ አስበልጬ እልል ያልኩትም እኔው ነኝ። የኤፍራታ እናት ወይዘሮ ሽታዬ አጠገቤ ቆመው ነበርና፣ ፊታቸውን ሳያጠቁሩ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ልጄ» አሉኝ። ይህችን ቃል የት እንደማስቀምጣት እርስዎ ካወቁ ይንገሩኝ።

ሩቲ ቤት እንደገባን የተሰጣትን ቱታ አጣጥፋ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ምነው፣ አትለኪውም ወይ ብላት፣ «አክስቴ፣ ስገባ እኮ የማየው የኤፍራታን ጀርባ ነበር» አለችኝ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ከማሽኑ ጋር ተመካክረው ቦታውን ለባለቤቷ ይመልሱ ዘንድ ጎንበስ ብዬ እለምናለሁ።

ከማይለካ አክብሮት ጋር፣
ያላግባቡ እልል ያለችው ታዛዥዎ
ሰናይት

ማስታወሻ፦ የካምፑ መኪና የፊታችን ሰኞ ጠዋት ይነሳል። ከዚያ በፊት ሁለቱ ልጆች ቢሮዎ ይመጣሉ፤ ሩቲ ቱታውን ይዛ ከኤፍራታ ኋላ ትገባለች። ማን እንደቀደመች ለማወቅ ማሽኑን መሰካት አያስፈልግዎትም።