ጋዜጣው ላይ ያልነበረችው መስመር

ሰኞ፣ ጥር 8

ሦስት ማራገቢያ ጠገንኩ። አራተኛው ጤነኛ ነው፤ ባለቤቱ በሞተ ሶኬት ላይ ሲሰካው ከርሞ ነው። አልነገርኩትም። ነገ ና አልኩት። ሰው ተአምር ሲያይ ደስ ይለዋል።

ከምሳ በኋላ ከሱቄ ወደ ፎቅ ወጥቼ ለእትዬ ጋዜጣ አነበብኩላት። ታላቅ እህቴ መነጽሯ ላይ ተቀምጣ ከሰበረችው አሥር ቀኗ፤ እስኪሠራላት ድረስ ዓይኗ እኔ ነኝ። ምን ዓይነት ዓይን ነው ግን? በየቀኑ አንድ መስመር ከራሴ እጨምራለሁ። ዛሬ የከተማው ምክር ቤት ድመቶች በሥራ ሰዓት እንዳይጮኹ ወሰነ አልኳት።

"ድመቶቹ ተስማሙ?" አለች፣ ሽንኩርቷን ቀና ብላ ሳታይ እየላጠች።

ታውቃለች። ማወቋን አውቃለሁ። ከቀኑ ሁሉ የምወዳት ሰዓት ይህቺ ናት።

ረቡዕ፣ ጥር 10

ወይዘሪት "ለምን" ጋዜጣ ላይ ወጣች። የእትዬ ልጅ ናት። አፏን ስትፈታ ከ"ለምን" ሌላ ቃል ስላልነበራት ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። አሁን ከመሬት በታች በተዘረጋ ረጅም ቱቦ ውስጥ ቅንጣትን ከቅንጣት ከሚያጋጩ ሰዎች ጋር ትሠራለች። አዲስ ቅንጣት አገኙ። ማንም አይቷት የማያውቅ፣ ተወልዳ ወዲያው የምትጠፋ። ፎቶው ላይ ልጅቱ ከኋላ ቆማለች፣ ግማሽ ፊቷ በአንድ ረጅም ሰው ትከሻ ተሸፍኗል። በጆሮዋ ለየኋት። የእኛ ቤት ጆሮ ነው።

እትዬ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ፎቶውን በጣቷ ዳሰሰች። ቀጥል አለችኝ። ቀጠልኩ። መጨረሻ ላይ... ምን ነካኝ? ድምፄን ሳልለውጥ፣ "ዓለም በራሷ መቆሟ ስለተረጋገጠ ከእንግዲህ ጸሎት አያስፈልግም ሲሉ ተመራማሪዎቹ አስታወቁ" አልኩ።

አርባ ዓመት ሙሉ እሷ ትጸልያለች፣ እኔ አሾፋለሁ። የተለመደ መልሷን ጠበቅኩ። አልመጣም።

"ልጄም ብላለች?"

"ሁሉም ፈርመዋል።"

ተነስታ ሳህን ማጠብ ጀመረች። የታጠበውን ሳህን።

ሐሙስ፣ ጥር 11

ልጅቱ ለእናቷ ሦስቴ ደወለች። እትዬ አላነሳችም። ልጅቱ ወደ እኔ ደወለች። አጎቴ፣ እማዬ ታማለች? አለችኝ። የዛሬ ሳምንት እዚህ አዳራሽ ስለ ግኝቱ ለሕዝብ ልትናገር ትመጣለች፤ እናቷን ፊት ወንበር ላይ ለማስቀመጥ ነበር ሐሳቧ። እሷ ከሌለች ለማን ነው የምናገረው አለች።

ደህና ናት፣ ስልኳ ነው የተበላሸው አልኳት። ስልክ ጠጋኝ ሆኜ! በሁለት ቀን ሁለት ውሸት። የመጀመሪያዋ ለጨዋታ ነበረች። ይህቺኛዋስ?

ቅዳሜ፣ ጥር 13

ተናዘዝኩ። እትዬ፣ ያቺ መስመር የእኔ ናት አልኳት። አላመነችኝም።

ለልጅቱ ልትሸፍንላት ነው አለች። እውነቷን ነው፤ ልጅቱ የጎረቤት መስኮት ስትሰብር ድንጋዩን የወረወርኩት እኔ ነኝ ያልኩ ሰው ነኝ። ጋዜጣውን ዘረጋሁላት፤ ያለ መነጽር ፊደሉ ለእሷ የጉንዳን ሰልፍ ነው። ጡረታ የወጣችው አስተማሪ ጎረቤታችን ታንብብልሽ ብላት፣ እሷንም ነግረህ ጨርሰሃል አለችኝ። ውሸቴን አምና እውነቴን ጣለች። የዘራሁትን ነው ያጨድኩት፣ ማንን እወቅሳለሁ?

ልወጣ ስል ጠራችኝ።

"አንተ አትመን፣ የራስህ ጉዳይ ነው። እሷ ግን ሕፃን ሆና ስትታመም ዘጠኝ ሌሊት ተንበርክኬ ያቆየኋት ልጅ ናት። ያ ሁሉ አያስፈልግም ነበር ካለችኝ... የእኔ ድርሻ የቱ ነው?"

ሳልቀልድ ደረጃውን ወረድኩ።

ሰኞ፣ ጥር 15

ለልጅቱ ደውዬ አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት።

"አጎቴ፣ ቱቦው ውስጥ ከትቶ ማጋጨትስ አንተን ነበር።"

ይገባኛል አልኩ። ሐሙስን ሳልጠብቅ ረቡዕ እመጣለሁ አለች።

ረቡዕ፣ ጥር 17

መጣች። እትዬ በሩን ከፈተችላት፣ አላቀፈቻትም። እኔ እንደ ተከሳሽ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ።

ልጅቱ እኔን አልከሰሰችኝም። ሥራቸውን ታወራላት ጀመር። ለካ መልሱን ራሳቸው ከራሳቸው ይደብቁታል! መለኪያው ተፈትሾ፣ ስሌቱ ታርሞ እስኪያልቅ ድረስ ማንም ውጤቱን አያይም። አሥራ አራት ወር ሸፍነውት ቆዩ።

"ለምን?" እናትየዋ ናት የጠየቀችው።

"የምንመኘውን ስለምናይ ነዋ፣ እማዬ። ምኞታችን እጃችንን እንዳይመራው።"

"አሥራ አራት ወር ሙሉ አላጮለቅሽም?"

"አንድ ቀንም።"

እትዬ ወደ እኔ ዞረች። "እኔስ ስጸልይ ዓይኔን የምጨፍነው ለምን መሰለህ?"

አርባ ዓመት እንቅልፍ ነው ስላት ኖሬያለሁ።

ከዚያ የፈራሁት ጥያቄ መጣ። ጸሎት አያስፈልግም ብለሻል ወይ? ልጅቱ አላባበለቻትም። ቅንጣቷ አለች ብቻ ነው ያልነው አለች፤ ስለምን እንዳለች መሣሪያችን አይለካም። እኔም አንዳንድ ቀን አምናለሁ፣ አንዳንድ ቀን ግራ ይገባኛል፤ በጸሎት ጉዳይ ግን ማንም አላስፈረመኝም አለቻት።

"ያ ዘጠኝ ሌሊትስ?"

"ማን እንዳዳነኝ አላውቅም፣ እማዬ። ማን እንዳልተኛልኝ ግን አውቃለሁ።"

ተቃቀፉ። እኔ ወደ ማራገቢያዎቼ ወረድኩ። አቧራው ዓይኔ ውስጥ ገባ... አቧራ ነው እንበል።

ሐሙስ፣ ጥር 18

ጠዋት የእትዬ መነጽር ደረሰ። ያንን ጋዜጣ ፈልጋ ራሷ አነበበችው፣ ሁለቴ። ካንተ ንባብ ይደርቃል አለች። ምሕረት መሰለኝ።

አዳራሹ ሞላ። ልጅቱ ንግግሯን ስትጀምር እትዬ ከፊት ወንበር "ጮክ በይ" አለቻት። አንድ ጎልማሳ ተነስቶ ታዲያ ፈጣሪ የለም ማለት ነው ብሎ ጠየቀ። ለዚህ መለኪያ ካለህ አምጣው፣ እኔም እሰለፋለሁ አለችው ልጅቱ። ሰው ሳቀ። ከሁሉም በላይ እትዬ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 7

እትዬ ልጇ ዘንድ ከሄደች አምስት ቀን። ለብቻ መብላት ደስ አይልም። የማሾፍበት ሰው የለም፤ ወንበሩን ሰድቤ ምን አገኛለሁ?

ዛሬ ልጅቱ ደወለች። መሣሪያው ለጥገና ስለቆመ እናቷን ይዛት ወርዳ ነበር። እትዬ የራስ ቁር አድርጋ፣ ቱቦውን ጫፉ እስኪጠፋት አየችው። ከዚያ መሐንዲሶቹ ሁሉ ባሉበት ቀጥ ብላ ቆመች፣ ዓይኗን ጨፍና ድምፅ አውጥታ ጸለየች። ልጅቱ በሐፍረት የምትገባበት ጠፋት። ኃላፊያቸው ግን የራስ ቁሩን አወለቀ፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ አወለቁ። ቋንቋዋን አንዳቸውም አይሰሙም።

"ምን ብላ ጸለየች?" አልኳት።

"የሠራኸውን አሳያቸው፣ ምኞታቸውንም ከፊታቸው ዘወር አድርግላቸው።"

ስልኩን ዘጋሁት። መፍቻ በእጄ፣ ተፈታትቶ የተበተነ ራዲዮ ፊቴ። ሱቁ ውስጥ ማንም አልነበረም። በሩንም አየሁ፣ ተዘግቷል።

አሜን አልኩ።